ሜንታው የት ገባ?

እናቴ ሲጋራ ማጨሴን ያወቀችው በሲጋራ ሽታ አይደለም፤ በሜንታ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ስመጣ፣ ከታክሲ ወርጄ የሰፈራችን መግቢያ ላይ ከሚቆመው ሱቅ በደረቴ ሁለት ነገር እገዛ ነበር። አንድ ሲጋራና አንድ ሜንታ ከረሜላ። ሲጋራውን አጥር ጥግ ተለጥፌ አጨሰዋለሁ፤ ከዚያ ሜንታውን ጉንጬ ውስጥ ወትፌ፣ ጃኬቴን አራግፌ፣ የጨዋ ልጅ ፊት ለብሼ በር አንኳኳለሁ። ሲጋራው ለእኔ፣ ሜንታው ለእናቴ መሆኑ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ዘዴው የሠራ መስሎኝ ኖርኩ። አንድ ቅዳሜ እናቴ አገላብጣ ከሳመችኝ በኋላ ትንሽ ራቅ አለችና፣ "ዛሬም ከረሜላ በልተህ መጣህ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

"ተው ልጄ፣ ይሄ ከረሜላ ሳንባህን ይጎዳሃል።"

ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም፤ ወጡን ልታማስል ወደ ጓዳ ገባች። እኔ እዚያው በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለካ እኔ ሽታ ማጥፊያ ያልኩት ነገር ለእሷ ደወል ኖሯል!

ይህን የድሮ ገመና የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ክረምት ከቨርጂኒያ የመጣች አንዲት የሰባት ዓመት እንግዳ ነች። የእህቴ ልጅ ልጇን ይዛ መጥታ እኛ ቤት ሰነበተች። ልጅቷ ከእጇ የማትለየው ነገር ነበራት። ከሲጋራ ላይተር ትንሽ ረዘም የሚል የፕላስቲክ ዘንግ ሲሆን አናቱ ላይ የዳክዬ ጭንቅላት ተሰክቶበታል። ዳክዬውን ወደ ኋላ ቀና ስታደርገው ከጉሮሮው አንዲት ጡብ የምታክል፣ ይቅርታ፣ ጡብ የምትመስል ግን ከጥፍር የማትበልጥ ከረሜላ ብቅ ትላለች። ለእኔም ደረሰችኝ። የብርቱካን ጣዕም ያላት፣ አፍ ውስጥ እንደ ኖራ የምትፈርስ ነገር ነች።

"ስሙ ማነው?" አልኳት። "ፔዝ" አለች። "ፔዝ ምን ማለት ነው?" ትከሻዋን ነቀነቀች። እናቷን ጠየቅኋት፤ እሷም ልጅ ሆና እዚያው አሜሪካ ስትበላው አድጋለች እንጂ ትርጉሙን አስባው አታውቅም። እኔ ደግሞ አንድ ስም ትርጉሙን ካላወቅሁት አያስተኛኝም፤ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ጥሎብኝ የሄደው በሽታ ይህ ነው። ፈልጌ አገኘሁት። ፔዝ ማለት ሜንታ ማለት ነው። ጀርመኖችና ኦስትሪያውያን ለሜንታ ያላቸው ቃል "ፌፈርሚንዝ" ነው። በእነሱ ፊደል ሲጻፍ አሥራ አንድ ፊደል አለው። ከአሥራ አንዱ የመጀመሪያውን፣ ልክ መካከል ላይ ያለውን ስድስተኛውንና የመጨረሻውን ብትነቅሱ "ፔዝ" ይላል። ሰም ለበስ ቅኔ ባይሆንም መጥፎ የፊደል ጨዋታ አይደለም።

እንግዲህ ስሙ ሜንታ፣ ውስጡ ብርቱካን። ሜንታው የት ገባ? ነገሩን መከተል የጀመርኩት በዚህ ጥያቄ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

መጀመሪያ ስለ ራሱ ስለ ሜንታ ትንሽ ልበል፤ ለወሬው ይጠቅመኛል። ፔፐርሚንት የሚባለው ተክል ሻይ ላይ የምንጨምረው የናና ዘመድ ሲሆን በተፈጥሮው ዲቃላ ነው። ሁለት የናና ዓይነቶች፣ አንዱ የውኃ ዳር፣ ሌላው የጓሮ፣ ተዳቅለው የወለዱት ነው። እንደ በቅሎ መካን ስለሆነ በዘር አይራባም፤ ከሥሩ እየተገነጠለ ነው የሚተከለው። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሬይ በ1696 መዝግቦታል። ጠባዩ ሁሉ የሚመጣው ሜንቶል ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። የሚገርመው የሜንቶል ቅዝቃዜ ውሸት መሆኑ ነው። አፋችን ውስጥ ምንም የሚቀዘቅዝ ነገር የለም። ሜንቶል ነርቮቻችን ላይ ያለችውን "ብርድ መጣ" ብላ የምትናገር በር ሳይበርድ ይከፍታታል፤ አንጎልም ያምነዋል። ሳይንቲስቶች ይቺን በር ለይተው ያገኟት በ2002 ነው፤ በዚህና በተያያዡ ሥራ ሁለት ተመራማሪዎች በ2021 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። አየር የሳብን፣ ጉሮሯችን የጸዳ፣ ደረታችን የተከፈተ የሚመስለን ሜንታ ስላታለለን ነው። እናቴን ለማታለል የመረጥኩት ዕቃ በሙያው የተካነ ነበር ማለት ነው፤ የተሸነፈው በሌላ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቪየና እንሂድ። ኤድዋርድ ሀስ በ1897 የተወለደ ኦስትሪያዊ ነጋዴ ነው። ሦስተኛው ኤድዋርድ ነው፤ አባቱም አያቱም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። አያትየው ሐኪም ሲሆን ኬክ የሚያቀል የቤኪንግ ፓውደር ቅመማ ነበረው፤ የልጅ ልጁ ይህን ዱቄት በትንንሽ ፓኬት እያሸገ ለቤት እመቤቶች በመሸጥ ገንዘብ ሠራ። በ1927 ደግሞ ፊቱን ወደ ሜንታ አዞረ። ከረሜላ እንደ ወትሮው ስኳር አፍልቶ በመጎተት የሚሠራ ነው። የሀስ ግን ሌላ ነበር። የስኳር ዱቄትና የሜንታ ዘይት ተለውሶ በኃይል እየተጫነ እንደ ክኒን ይወጣል። ዱቄት የሚያውቅ ሰው ከረሜላም ሲሠራ በዱቄት ነው መቼም! መጀመሪያ ክብ ነበረ፤ በትንሽ ቆርቆሮ ይሸጥ ነበር። የጡብ ቅርጹ ቆይቶ መጣ።

ልብ በሉ፣ ይህ ከረሜላ የልጅ አልነበረም። ሀስ የሲጋራ ጠላት ነው፤ ከረሜላውን የሠራው ለአጫሽ ነው። በጭስ የታፈነ የቪየና ቡና ቤት ውስጥ የተቀመጠ፣ ኮት የለበሰ ጎልማሳ ሰው እጁን ወደ ሲጋራው ሲሰድ በምትኩ ሜንታ ያንሳ ነው ሐሳቡ። ማስታወቂያዎቹም ይህንኑ ነበር የሚሉት። ቆየት ብሎ ዩኒፎርምና ቆብ ያደረጉ ቆነጃጅት የፔዝ ልጆች ተብለው በየአደባባዩ ናሙና ያድሉ ጀመር። ሌላው ቀርቶ ስሙን ግስ አድርገው፣ ማጨስ ክልክል ነው፣ "መፔዝ" ግን ይፈቀዳል እስከ ማለት ደረሱ።

የሚያስቀው ነገር በዚያው ሰሞን፣ ከውቅያኖስ ማዶ፣ ሌላ ሰው ሜንታን ለተቃራኒው ሥራ መቅጠሩ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ሎይድ ሂዩዝ የሚባል ሰው ትምባሆን በሜንቶል ማከምን ፈልስፎ በ1925 የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ሲጋራውንም በራሱ ቅጽል ስም "ስፐድ" ብሎ ሸጠው። በ1933 ደግሞ "ኩል" የሚባለው ተከተለ። ጭሱ ጉሮሮ ሲቧጥጥ ሜንታው ያደነዝዘዋል፤ ጀማሪ አጫሽ ሳያስለው ይለምዳል። ሀስ ሜንታን በሲጋራ ላይ ሲያዘምት አሜሪካኖቹ ሲጋራው ውስጥ አስገቡት። ማን አሸነፈ ብትሉኝ ለረጅም ጊዜ ያሸነፉት እነሱ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት የሜንቶል ሲጋራን ያገደው በ2020 ነው። እኛም ዘንድ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ከልክሏል፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስንም እንዲሁ።

የሱቅ በደረቴው ካርቶን ላይ ግን ከሁለቱም ለየት ያለ ሦስተኛ መንገድ ነበር የነበረን። ሜንታው የሲጋራው ጠላትም ማጣፈጫም አልነበረም፤ ግብረ አበር ነበር። ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ አብረው ይሸጣሉ። ካርቶን የያዘው ልጅ አንድ ሲጋራ ለኩሶ ከሰጠ በኋላ ሳይጠየቅ "ሜንታስ?" ይላል። ደንበኛው ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ያውቃላ።

ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ልንገራችሁ፤ ዋናው ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው። በ1949 ቪየና አራት ኃያላን መንግሥታት የተካፈሏት፣ ወታደራቸው በየጎዳናው የሚዞርባት ከተማ ነበረች። በዚያ ዓመት በቪየና የንግድ ትርኢት ላይ የሀስ ኩባንያ አንድ አዲስ ዕቃ ይዞ ቀረበ። ኦስካር ኡክሳ የሚባል ሰው የነደፈው የከረሜላ ማቀበያ ነው። ቀጭን ሳጥን፣ ውስጡ ሞላ፣ አናቱ ላይ በአውራ ጣት ገፋ የሚደረግ ክዳን። ጭንቅላት የለውም፣ ዳክዬ የለውም። ሲያዩት ቁርጥ ላይተር ነው። ለሰው ከረሜላ ስትጋብዙ ጣታችሁ ስለማይነካው ንጽሕናው የተጠበቀ ነው እየተባለም ተመሰገነ።

እኔ ግን ስለ ንጽሕናው ሳይሆን ስለ ቅርጹ ነው የተደነቅሁት። ሲጋራ ያቆመ ሰው ብቻ ነው ይሄን የሚረዳው። አጫሽ የሚናፍቀው ጭሱን ብቻ አይደለም፤ እጁም ሥራ ፈት ይሆንበታል። ኪስ ይዳብሳል፣ ላይተር ይፈልጋል፣ ክዳን ያንሳል፣ ይዘጋል። አብሮኝ ያስተምር የነበረ አንድ ታላቅ ባልደረባዬ ነበር። ክፍል የሚገባው ሜንታ ጎርሶ ነው፤ ክፍለ ጊዜው አልቆ ኮሪደሩ ላይ ሳይደርስ ሲጋራው ከንፈሩ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ከኋላው "አባ ሜንታ" ይሉት ነበር። የጉሮሮ ሕመም ይዞት፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ጠፍቶ፣ ጥያቄያችንን በወረቀት እየጻፈ ሲመልስልን ከርሞ ሞተ። እኔ ሲጋራ ያቆምኩት ከእሱ ቀብር መልስ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ቀኝ እጄ ከኮቴ ኪስ ውስጥ አልወጣ ብላ አስቸግራኛለች። እንግዲህ ያ ኡክሳ የሚባለው ሰው የኪሱን ችግር ያወቀው በ1949 ነው። ለእጅ የሚሆን ላይተር፣ ለአፍ የሚሆን ሜንታ። አጫሽን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

እንዲያም ሆኖ ዕቃው አሜሪካ ሲደርስ እንደታሰበው አልሆነም። ኩባንያው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ቢሮ ከፈተ። አሜሪካዊው ግን ላይተር የሚመስል የሜንታ ሣጥን ይዞ ለመዞር እምብዛም አልጓጓም። ሲጋራ በዚያ ዘመን የጀግና ምልክት ነው፤ ሐኪም ሳይቀር ማስታወቂያ ላይ ያጨሳል። ሊያቆም የሚፈልግ ብዙ ሰው በሌለበት አገር ማቆሚያ መሸጥ ከባድ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ኩርቲስ አሊና የሚባለው ሰው የሚመጣው። አሊና በ1922 ፕራግ ተወልዶ ቪየና ያደገ፣ ከደህና ኑሮ የወጣ አይሁዳዊ ነው። ፔዝ ለገበያ ሲወጣ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር ማለት ነው፤ ለአዋቂዎች የተሠራውን ያን ሜንታ ቀምሶት ይሆን? ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ዕድሜው አሥራ ስድስት እንኳ አልሞላም። ከ1941 ጀምሮ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከአንዱ ማጎሪያ ካምፕ ወደ ሌላው ሲጋዝ ኖረ። ከቤተሰቡ አብዛኞቹ ከዚያ አልተመለሱም። እሱ ተረፈ፤ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1953 ደግሞ ሥራ የተቀጠረው ካደገባት ከተማ በመጣው የከረሜላ ኩባንያ ውስጥ ነው። የአሜሪካውን ሥራ በኃላፊነት እየመራ እስከ 1979 ቆየ።

በ1955 ማቀበያው ጭንቅላት አበቀለ። መጀመሪያ የወጡት የገና አባትና አንድ ሮቦት ናቸው፤ እነሱ እንዲያውም ሙሉ አካል ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላት ብቻ ሆነ። ፖፓይ፣ ሚኪ ማውስ፣ ጠንቋይዋ፣ ዝሆኑ፣ ምኑ ቅጡ። ከረሜላውም አብሮ ተለወጠ፤ ሜንታ ልጅ አፍ ላይ ስለሚያቃጥል ብርቱካን፣ ሎሚ፣ እንጆሪ ገባ። ጭንቅላት የመስካቱ ሐሳብ ከራሱ ከአሊና ነው ወይስ ከሌላ ሰው ተነሥቶ እሱ ነው ያስፈጸመው የሚለው ላይ የፔዝ ታሪክ አዋቂዎች ይከራከራሉ። የማይከራከሩበት ነገር በጉዳዩ ውስጥ ዋነኛው ሰው እሱ መሆኑን ነው። ለአዋቂ የተሠራ፣ ሲጋራን ያስጥላል የተባለ፣ ኮስተር ያለ የቪየና ዕቃ መጫወቻ እንዲሆን ቪየናን ማሳመን ቀላል ሥራ አይመስለኝም።

እኔ እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። 1955 ኦስትሪያ የአራቱን ኃያላን ወታደሮች አስወጥታ ነጻነቷን ያስመለሰችበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት፣ ከዚያች አገር በሞት ታድኖ የወጣ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ኒው ዮርክ ተቀምጦ የዚያችን አገር ሜንታ ለልጆች ይስቅ ዘንድ ፊት ሰጠው። ሰውየው ስለዚህ ምን ይሰማው እንደነበር በእሱ ፋንታ አልናገርም። ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ ተማሪዎቼ "ይህማ በጣም ተገጣጠመ፣ ደራሲው አበዛው" ይሉኝ ነበር። አሊና በ2009 መጨረሻ ላይ በሰማንያ ሰባት ዓመቱ ሲሞት ጋዜጦች የሕይወት ታሪኩን ጻፉ፤ ብዙ ሰው ስሙን የሰማው ያኔ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የመያዣው ታሪክ ነው፤ ከረሜላውን ረስታችሁት ብትከተሉኝ ምንም አይቀርባችሁም። አንድ ማቀበያ የሚይዘው አሥራ ሁለት ፍሬ ነው። አሥራ ሁለቱ ያልቃል፤ ጭንቅላቱ ግን አያልቅም። አድጎ ኪሱን የቻለ ትውልድ የልጅነት ጭንቅላቶቹን መፈለግ ጀመረ፤ ሰብሳቢ የሚባል ማኅበረሰብ ተፈጠረ። በ1987 ኩባንያው ዘንጉ እንዳይወድቅ ከታች እግር ቢጤ ጨመረበት፤ ከዚያ ወዲህ በሰብሳቢዎች ዓለም እግር የሌለው ዕቃ እግር ካለው ይከበራል። (በእኛ አገር ተረት እግር የሌለው ሲንቅ እንጂ ሲከበር አላየሁም።) በ1990ዎቹ ስቲቭ ግሉ የሚባል የሚሽጋን ሰው አሜሪካ የማይሸጡትን ዓይነቶች ከምሥራቅ አውሮፓ ፋብሪካዎች በሻንጣ እያመጣ ሲቸበችብ ኖሮ፣ በመጨረሻ የኩባንያው የአሜሪካ ክንፍ በራሱ መላ ጨዋታውን ነጥቆታል፤ በ2022 ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶለታል። ለአንድ የፕላስቲክ ጭንቅላት ብዙ ሺህ ዶላር የሚከፍል ሰው አለ ስትሉት የኛ ሰው አያምንም። ግን እኛስ? ሳንቲም ሲጠፋ ባለሱቁ መልሱን በከረሜላ ሲሰጠን "እሺ" ብለን ስንቀበል አልኖርንም? ከረሜላ ገንዘብ የሆነበት አገር ሰው በማንም መሳቅ አይችልም።

የመያዣው ዝና ጣሪያ የነካው ግን በኢንተርኔት ነው። ኢቤይ የሚባለውን የጨረታ ድረ ገጽ የማያውቅ ጥቂት ነው። የአመሠራረቱ ታሪክ ደግሞ ከድረ ገጹ ይበልጥ ይታወቃል። ፒየር ኦሚድያር የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ እጮኛው የፔዝ ማቀበያ ትሰበስብ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ብጤዋን አጥታ አዘነች። እሱም ለፍቅሯ ሲል፣ ከዓለም ዙሪያ ካሉ ሰብሳቢዎች ጋር ትገበያይ ዘንድ ድረ ገጹን በ1995 ሠራላት። እንዴት ደስ ይላል! እኔም ክፍል ውስጥ ተርኬው አውቃለሁ፤ የዘመናችን ተረት እንዲህ ይወለዳል እያልኩ።

ተረት መሆኑ እውነት ሆኖ ተገኘ። በ2002 አዳም ኮኸን የሚባል ጋዜጠኛ ስለ ኢቤይ መጽሐፍ ሲጽፍ ነገሩ ተገለጠ። ኦሚድያር ድረ ገጹን የሠራው ገዥና ሻጭ በእኩል መረጃ የሚገናኙበት ፍጹም ገበያ ይቻላል ወይ የሚለውን ለመሞከር ነበር። መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃም የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነው፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም። ይህን ወሬ ለጋዜጠኛ ይዘው ቢሄዱ ማን ይሰማል? የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሜሪ ሉ ሶንግ ይህ ቸገራት። የኦሚድያር እጮኛ በእርግጥም ፔዝ ትሰበስብ ነበር። ሶንግ በ1997 ያቺን አንዲት እውነት ወስዳ ዙሪያዋን ልብ ወለድ አለበሰቻት። ጋዜጦቹ አነሱት፣ ቴሌቪዥኖቹ ተቀባበሉት። ፔዝም ያለ ድካሙ የኢንተርኔት ዘመን አያት ሆነ።

ወይዘሮ ሶንግን አልወቅሳትም፤ ሙያዋን ነው የሠራችው። እንዲያውም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ብጠየቅ ጥሩ ማርክ እሰጣታለሁ። ፍጹም ገበያ የሚለው ሐሳብ ፊት የለውም፤ እሷ ፊት ሰጠችው፣ ልክ አሊና ለሜንታው እንደሰጠው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ታሪኩ ፈጠራ መሆኑ ከታወቀ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም ዛሬም በየስብሰባው፣ በየሥራ ፈጠራ ስልጠናው፣ አዲስ አበባ ሳይቀር፣ እንደ ወንጌል ይጠቀሳል። ባለፈው አንድ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጎረምሳ አሠልጣኝ ሲተርከው ሰማሁ። በዕረፍት ሰዓት ጠጋ ብዬ እውነቱን ነገርኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ አዳመጠኝ። ከዚያም "ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን የኔው አይሻልም?" አለኝ።

መልስ አጣሁለት፤ ስለ አሊናም ነገርኩት። ያ ሰው ማጎሪያ ካምፕ አልፎ የመጣ መሆኑን፣ በ1955 የገና አባቱን ማውጣቱን፣ ሁሉንም። "ይሄ ደግሞ ስልጠና ላይ ይከብዳል" አለኝ። አልተሳሳተም። ፔዝ ላይ የሚነገሩት ሁለቱ ታሪኮች አንዱ ለስላሳ ሲሆን ውሸት ነው፤ ሌላው እውነት ሲሆን ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ዓለም የትኛውን ጎርሶ እንደሄደ እናውቃለን።

ሀስ በ1989 ሞተ፤ በዘጠና ሁለት ዓመት ገደማው ማለት ነው። ያኔ ከረሜላው አሜሪካ ውስጥ፣ ኮነቲከት፣ ኦሬንጅ በምትባል ከተማ በራሱ ፋብሪካ ይመረት ነበር፤ በ2011 ደግሞ እዚያው ጎብኚ የሚገባበት ማዕከል ተከፍቷል። አጫሽ ግን አይገባበትም፤ የሚገባው ልጁን የያዘ ቤተሰብ ነው። ሰውየው በዕድሜው ይህን ሁሉ አይቷል። ሜንታ ብሎ የሰየመው ነገር ከሜንታ ሲርቅ፣ ለጎልማሳ ያሰበው ሕፃን እጅ ሲገባ፣ ሲጋራ ያስጥላል ያለው ሲጋራ ለማያውቅ ልጅ ሲታደል። በአንድ በኩል ሲታይ ከሸፈ። በሌላ በኩል ግን... ተውኩት፣ ይሄንን ስሌት ከዚያች የቨርጂኒያ ልጅ ጋር ነው የጨረስኩት።

ሊሄዱ ዋዜማ ላይ እናቴ ቤት ተሰብስበን ቡና ይፈላል። እናቴ አሁን ሰማንያዎቹን ይዛለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋም እንደ ነገሩ ነው፣ አፍንጫዋ ግን ያው ነው። ልጅቷ ዳክዬዋን ቀና አድርጋ አንድ ፍሬ አጎረሰችኝ። እኔም ሄጄ እናቴን ልስም ጎንበስ አልኩ። ጉንጬ ላይ ቆም አለች። አሸተተችኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ ጃኬቴን ያላራገፍኩ መስሎኝ ልቤ ስንጥቅ አለ።

"ከረሜላ በልተሃል" አለች።

"አዎ፣ እማዬ።"

ደግማ አሸተተችኝና እጇን ወደ ልጅቷ ዘረጋች። "ይሄስ የልጅ ነው" አለች። "ነይ እስቲ የኔ እናት፣ ለኔም አንድ ከዚያ ከወፏ አውጪልኝ።"